ኮፍያ፣ የአንገት ልብስና ጓንት በተፈጥሮ ቀለም ክር፦ ለሰሜን ሸዋ ብርድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር አካባቢ ቶሎ ተሠርተው የሚያልቁ የብርድ ሹራቦችን በእጃቸው ለሚሠሩ የተዘጋጀ ነው። ከታች «ዓይን» የምንለው መርፌው ላይ የሚያዘውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት ነው። «ፊት» የምንለው ክሩ ከመርፌው ኋላ ሆኖ የሚሠራውን ለስላሳውን ዓይን ነው። «ግልባጭ» የምንለው ደግሞ ክሩ ወደ ፊት መጥቶ የሚሠራውን፣ ጎርበጥ የሚለውን ነው።

ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

የጆሮ መሸፈኛ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ዓይን ነው፤ መቀነስ መጨመር የለበትም፣ 40 ግራም ገደማ ክር ይበቃዋል። ቀጥሎ ጣት አልባ ጓንት፣ ከዚያ ክብ የአንገት ልብስ፣ መጨረሻ ላይ ኮፍያ ቢሆን ጥሩ ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በረጅሙ ስካርፍ ነው፤ ብዙ ሰው ግማሽ ላይ የሚተወውም እሱኑ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ወርድና 160 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስካርፍ ከ250 ግራም ያላነሰ ክር ይበላል፤ በዚያ ክር አንድ ኮፍያ፣ አንድ ጥንድ ጓንትና አንድ የጆሮ መሸፈኛ ይወጣል። ስካርፍ ቀላል ነው እንጂ ፈጣን አይደለም።

መቼ ልጀምር?

ደጋው ላይ ውርጭ የሚጥለው ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ሌሊቶች ከሁሉ ይከፋሉ። መስከረም ላይ የተጀመረ ለጥቅምት ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ብርዱ ሌላ ዓይነት ነው፤ ዝናብና ጉም አለበት። ለዚያ ጊዜ ሱፍ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶም ቆዳ ላይ ረጠበ አይልም። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማ በርን ለሚወጣ ደግሞ ወሩ ምንም ይሁን ምን ቦርሳ ውስጥ አንድ ኮፍያ ቢኖር አይከፋም። ሥሩ ቆላ ነው፣ አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

ከሱቅ የገዛሁት ክር ሱፍ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጥቅሉ ላይ ያለው ወረቀት ከሌለ ወይም ካላመኑት በእሳት ይፈትኑ። ጣት የሚያህል ቆርጠው በመቆንጠጫ ይያዙና ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ሆነው ይለኩሱት።

ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ እሳቱን ሲያርቁት ራሱ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይደቃል። አክሪሊክ እየቀለጠ ይነዳል፣ ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ሲበርድ ጫፉ ላይ የማይሰበር ጠንካራ እንክብል ይቀራል። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ነው። ቅልቅል ክር ሁለቱንም ምልክት ያሳያል።

አክሪሊክ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ዋጋው ይቀላል፣ አያሳክክም፣ ቢታጠብ አይኮማተርም፣ ብል አይነካውም። ችግሩ እሳት ነው፤ ከሰል ምድጃ ዳር የተሰጣ የአክሪሊክ ኮፍያ ይቀልጣል፣ ካውያ ያረፈበትም ለዘለቄታው ይልፈሰፈሳል። ጥጥ ግን ለኮፍያና ለጓንት አይሆንም፤ አይሳብም፣ ውሃ ይይዛል፣ ከረጠበ ደግሞ ራሱ ያበርዳል።

የመንዝ በግ ጸጉር አስፈትዬ ኮፍያ ብሠራ ግንባሬን ይበላኛል?

እንዳለ ከሠሩት ይበላል። የመንዝ በግ ጸጉር ለባና፣ ለዝተትና ለበርኖስ የታወቀ ነው፤ እነዚህ ከልብስ በላይ የሚደረቡ ወይም የሚነጠፉ ናቸው። ቆዳን የሚያሳክከው ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ጸጉር ነው። ቀጭኑ ቆዳ ሲነካ ይታጠፋል፣ ወፍራሙ ግን ሳይታጠፍ ይወጋል። በአንድ በግ ላይ ደግሞ ሁለቱም አሉ።

ስለዚህ ሥራው ከመለየት ይጀምራል። የተሸለተውን ጸጉር ዘርግተው የአንገቱንና የትከሻውን ለብቻ ያውጡ፤ ለስላሳው እሱ ነው። የጭኑና የኋላው ለዝተት ይሂድ። የጠቦት የመጀመሪያ ሽልት ከአዋቂው ይለሰልሳል። ሲለዩ ጸጉሩን ወደ ብርሃን ያዙት፦ ከሌላው የሚወፍር፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ነጭ ሆኖ የማያበራ ጭረት ካለ አንድ በአንድ ይነቀል። አሰልቺ ነው፤ ግን ግንባር ላይ የሚወጋው ያ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ አዋሲ ከሚባለው የውጭ የበግ ዝርያ ጋር የተዳቀሉ በጎች አሉ። የእነሱ ጸጉር ረዘም ስለሚል ለመፍተል ይመቻል፤ ልስላሴው ላይ ግን ብዙ ተስፋ አይጣልበት።

ከዚያ ገለባውንና አሜኬላውን ለቅመው በቀዝቃዛ ውሃ ያሳድሩት። በማግስቱ እጅ በማይችለው ግን ባልፈላ ውሃ ከሳሙና ጋር ግማሽ ሰዓት ይዘፈዝፉት። መጫን እንጂ ማሸት የለም፤ ከታሸ በደጋን ቢነደፍም አይላቀቅም። በተመሳሳይ ሙቀት ባለው ውሃ ያለቅልቁትና ጥላ ላይ ያድርቁት።

ይህን ሁሉ አድርገውም ግንባርና አንገት የሚነካውን ክፍል በለስላሳ ክር ሠርተው የመንዙን ከላይ ማድረግ ይሻላል። የኮፍያው ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ከሱቅ በተገዛ ለስላሳ ክር፣ ቀሪው በእጅ በተፈተለው ሱፍ ሲሆን ሙቀቱም ምቾቱም አብረው ይገኛሉ። ሁለቱ ክሮች ግን ውፍረታቸው እኩል መሆን አለበት።

በእንዝርት የተፈተለ ክር ሹራቡን ወደ አንድ ጎን ያጣምምብኛል። ለምን?

ነጠላ ክር ስለሆነ ነው። ለሽመና የሚፈተል ክር በአንድ አቅጣጫ ጠንከር ተደርጎ ይከራል። ሸማኔው ወጥሮ ስለሚሠራው ችግር የለውም፤ ሹራብ ላይ ግን ዓይኑ ስላልተወጠረ ክሩ ወደኋላ ሊፈታ ይፈልግና ሥራውን ሁሉ ያጋድለዋል። ከመሥራትዎ በፊት ክንድ የሚያህል ክር መዘው ሁለቱን ጫፍ ያገናኙ፤ በራሱ ላይ ተጠማዞ ገመድ ከሠራ ከሮ አልፏል ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ልቃቂት ወስዶ በእንዝርቱ በተቃራኒ አቅጣጫ አንድ ላይ መግመድ ነው። ከዚያ ፈታ አድርገው እንደ ቀለበት ይጠቅልሉት፣ አራት ቦታ ላላ አድርገው ያስሩት፣ ለብ ባለ ውሃ 20 ደቂቃ ነክረው ይስቀሉት። የደረቀው ክር በእጅ ላይ ሲንጠለጠል ካልተጠማዘዘ ደርሷል። ክሩ ድርብ ስለሚሆን ሲፈተል ከታሰበው ውፍረት ግማሹን ያህል ቀጭን ይሁን።

ስንት ቁጥር መርፌ ልጠቀም?

መካከለኛ ክር (100 ግራሙ 200 ሜትር ገደማ የሚሆነው) ከ4.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር መርፌ ይፈልጋል። ወፍራም ክር (100 ግራሙ ከ100 እስከ 120 ሜትር) ከ6.5 እስከ 8። ወፍራም ከጠፋ መካከለኛውን ሁለት አንድ ላይ ይዞ መሥራት ይቻላል፤ ውፍረቱ ይቀራረባል።

የብስክሌት ጎማ ሽቦ ጫፉን አሹሎ የሚጠቀም አለ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፦ በመካከለኛ ክር የተሠራው እንደ ጆንያ ድርቅ ይላል፣ ጊዜውም እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ የደረቀ ቀርከሃ ሰንጥቀው 30 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቅረጹ፤ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው በመጨረሻ ጧፍ ያሹበት፣ ክሩ ይንሸራተታል። ውፍረቱን ለማወቅ ቀጭን ክር 10 ጊዜ አጠጋግተው ይጠምጥሙበትና ፈትተው ይለኩ። 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ መርፌው 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ 19 ከሆነ 6፣ 25 ከሆነ 8።

ናሙና መሥራት የግድ ነው?

ለጆሮ መሸፈኛና ለአንገት ልብስ ያን ያህል አይደለም። ለኮፍያ የግድ ነው።

15 በ15 ሴንቲ ሜትር ይሥሩ፣ ይጠቡት፣ ያድርቁት፣ ከዚያ መሃሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለውን ዓይን ይቁጠሩ። ከታች ያለው የ88 ዓይን ኮፍያ የታሰበው 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 18 ዓይን ሲገባ ነው፤ ዙሪያው 49 ይሆናል። እጅዎ ጠበቅ ብሎ 20 ዓይን ካስገባ ያው 88 ዓይን 44 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆንና ለልጅ ይሄዳል። ላላ ብሎ 16 ካስገባ 55 ይሆንና ዓይን ላይ ይወርዳል። ዓይኑን አይጨምሩ አይቀንሱ፤ መርፌውን በግማሽ ሚሊ ሜትር ይቀይሩና እንደገና ይሞክሩ።

የኮፍያው ልክ እንዴት ይወሰናል?

ጭንቅላቱን ከቅንድብ ከፍ ብለው ከጆሮ በላይ አዙረው ይለኩና ከልኩ አንድ አሥረኛውን ያህል ይቀንሱ፤ ሹራብ ስለሚሳብ የሚይዘው በመጥበቡ ነው። በ18 ዓይን ልክ ሲሰላ፦

ጭንቅላቱ 50 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ 80 ዓይን፣ ለ56 ሴንቲ ሜትር 88፣ ለ60 ሴንቲ ሜትር 96። ሦስቱም ለ8 ይካፈላሉ፤ ይህ አናቱን ሲዘጉ ይጠቅማል። ለአዋቂ 90 ግራም ያህል መካከለኛ ክር ይበቃል፤ ጠርዙ የሚታጠፍ ከሆነ 110 ይያዙ።

አናቱን እንዴት ልዝጋ?

ለ88 ዓይን፣ በባለገመድ መርፌ (ሁለቱ ሹሎች በገመድ የተያያዙበት) እየዞሩ ለሚሠሩ፦

2 ፊት 2 ግልባጭ እያሉ 5 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ይሥሩ። ከዚያ ሁሉንም ፊት እያደረጉ ከመጀመሪያው 15 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ይቀጥሉ። ጠርዙ እንዲታጠፍ ከፈለጉ ጠርዙን 10፣ ቁመቱን 20 ያድርጉት። አሁን በየ11 ዓይኑ ሌላ ቀለም ክር ምልክት ያስሩ፤ 8 ክፍል ይሆናል።

በየክፍሉ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓይኖች አንድ ላይ ይሥሩ፤ 80 ይቀራል። ቀጣዩን ዙር ሳይቀንሱ ይሥሩ። እንዲህ አንድ ዙር እየቀነሱ አንድ ዙር እያለፉ 48 ዓይን ይድረሱ፤ ከ48ቱ በኋላም አንድ ዙር ይለፉ። ከዚያ ወዲያ ሳያቋርጡ በየዙሩ ይቀንሱ፦ 40፣ 32፣ 24፣ 16፣ 8። ክሩን 20 ሴንቲ ሜትር አስተርፈው ይቁረጡ፤ በስፌት መርፌ በ8ቱ ዓይኖች ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳልፈው ይሳቡና በውስጥ በኩል ይቋጩ። ሲጠብብዎት ዓይኖቹ በአጭር መርፌ አይዞሩም፤ ገመዱ ረጅም የሆነ መርፌ ይያዙ ወይም ባለሁለት ሹል አጫጭር መርፌዎች ላይ ያዛውሯቸው።

ሁለት ቀጥ ያለ መርፌ ብቻ ካለ በ90 ዓይን ይጀምሩ። ሁለቱ ትርፍ ዓይኖች ዳርና ዳር ለስፌቱ ናቸው፤ አይቆጠሩም፣ አይቀነሱም። መቀነሱን በፊት ረድፍ ላይ ብቻ ያድርጉ፣ የመልሱን ረድፍ ሁሉ ግልባጭ። እንዲህ ሲሆን አናቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም መቀነስ የሚጀምሩት 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው።

አናቱ ቆሞ እንደ ቁንጮ የሚሾልብዎት ከሆነ መቀነሱን ዘርግተውታል ማለት ነው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተጨማደደ ደግሞ ቸኩለዋል።

ጣት አልባ ጓንት እንዴት ይሠራል?

ሁለት አራት ማዕዘን ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። በመካከለኛ ክርና በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ በ38 ዓይን ይጀምሩ። ረድፉን በ2 ፊት ጀምረው 2 ግልባጭ 2 ፊት እያሉ በ2 ፊት ይጨርሱ፤ በመልሱ ረድፍ ፊት ለፊትዎ ለስላሳ ሆኖ የሚታየውን ፊት፣ ጎርባጣውን ግልባጭ ያድርጉ። 18 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ላላ አድርገው ይዝጉ። ጎኑን አጥፈው ከእጅ አንጓው በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ይስፉ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ለአውራ ጣት ይተዉ፣ የቀረውን 3 ይስፉ። ለጥንዱ 60 ግራም ይበቃል። ስልክ ለሚነካ፣ ገበያ ላይ ገንዘብ ለሚቆጥር፣ ጠመኔ ለሚይዝ አስተማሪ ሙሉ ጓንት ከማውለቅ ይህ ይሻላል።

መዝጊያው ከጠበቀ ጣቶቹን ያንቃል። ሲዘጉ በግማሽ ወይም በአንድ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ መርፌ መያዝ ይረዳል።

ክብ የአንገት ልብሱስ?

መካከለኛውን ክር ደርበው በ8 ሚሊ ሜትር ባለገመድ መርፌ፣ 72 ዓይን፣ ዙሪያው 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 25። ክሩ 150 ግራም ገደማ። የመጀመሪያውን ዙር ከማገናኘትዎ በፊት ሥራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የጠርዙ ቋጠሮዎች ሁሉ ወደ ውስጥ ማየታቸውን ያረጋግጡ። አንዷ ብትዞር ሥራው ተጠማዞ ይቀራል። አንድ ዙር እንደሠሩ ካዩት በመገናኛው ክፍተት ማቃናት ይቻላል፤ አራት አምስት ዙር ካለፈ ግን መፍታት እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ጠጋ ያለና ከፍ ያለ የአንገት ልብስ በአፍና በአፍንጫ ላይ ስለሚሳብ የጠዋት ውርጭ ላይ ከስካርፍ ይበልጣል። ነፋሱ የሚከፋበት የጓሳ ሜዳ ላይ ለሚያድር ሰው ከፍታውን 30 ያድርጉለት።

የጆሮ መሸፈኛውን ውስጡን በምን ልልበጥ?

መሸፈኛው ራሱ በ18 ዓይን፣ ፊቱም መልሱም ሁሉ ፊት ዓይን፣ 48 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ከተሠራ በኋላ ጫፍና ጫፉ ይሰፋል። ለገበር ያረጀ ነጠላ ይበቃል፤ በብዙ መታጠብ የለሰለሰው ይሻላል።

ስህተቱ የሚፈጠረው ልኩ ላይ ነው። ነጠላው አይሳብም። ገበሩን በ48 ከቆረጡት መሸፈኛው መሳቡን ያቆምና ጭንቅላት አይገባም። ገበሩን በጭንቅላቱ ሙሉ ልክ፣ ማለትም ለ56 ሴንቲ ሜትር ጭንቅላት 58 አድርገው (2ቱ ለስፌት) 8 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይቁረጡ። ዳሩን አጥፈው መሸፈኛውንም ገበሩንም ለአራት እኩል ከፍለው በመርፌ ቁልፍ ያያይዙ፤ ከዚያ ሹራቡን ገበሩ እስኪዘረጋ እየሳቡ በሰያፍ ስፌት ይስፉ። ሲለቁት ገበሩ ትንሽ ይሸበሸባል፤ ሲለብሱት ይዘረጋል።

የትኞቹ ቀለሞች አብረው ይሄዳሉ?

ሳይነከር ከበጉ የሚመጣው ነጭ፣ ቡላ፣ ዳለቻ፣ ዳማና ጥቁር እርስ በርሱ አይጣላም። ከነጠላና ከጋቢ ጋርም ይስማማል። እኛ የምንመክረው ጠቆር ያለውን ግንባርና አፍ በሚነካው ጠርዝ፣ ነጣ ያለውን ከላይ ማድረግ ነው፤ ቅባትና ቆሻሻ መጀመሪያ የሚታየው ጠርዙ ላይ ነው። ንጹሕ ነጭ ጓንት ለማገዶ ቤት አይሆንም።

አንድ ነጭ ከሌላ ነጭ ይለያል። የሱቅ ክር ሲገዙ ጥቅሎቹ ላይ ያለው የቀለም ቁጥር አንድ መሆኑን አይተው የሚበቃዎትን በአንዴ ይግዙ። በእጅ የተፈተለው ደግሞ ከተለያየ በግ ስለሚሆን ሁለት ልቃቂት ይዘው ሁለት ሁለት ረድፍ እያፈራረቁ ይሥሩ፤ ልዩነቱ ተቀላቅሎ ይጠፋል። የጥቁር በግ ጸጉር ጫፉ በፀሐይ ወደ ቀይ ስለሚመታ «ጥቁር» ተብሎ የተሸጠው ክር ቀን ላይ ቡናማ ቢመስል ተጭበርብረዋል ማለት አይደለም።

ሥራው እየሰፋ ይሄድብኛል። የጀመርኩት በ18 ነበር፣ አሁን 23 ሆኗል።

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ረድፍ ሲጀምሩ ክሩ በመርፌው ላይ ወደ ኋላ ሲጣል የመጀመሪያው ዓይን ተለጥጦ ሁለት ይመስላል፤ ሁለቱንም ይሠሩታል። ክሩን ሁልጊዜ ከመርፌው በታች ያውርዱት። ሁለተኛው ከግልባጭ ወደ ፊት ሲሻገሩ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል ሳይመልሱ መቅረት ነው፤ ይህ ቀዳዳም ያበጃል። ለማንኛውም በየአሥር ረድፉ ይቁጠሩ።

አንድ ዓይን አምልጦኝ ወደ ታች ተተረተረ።

አይጎትቱት። በመርፌ ቁልፍ ይዘው ያቁሙት፤ ከዚያ ኪሮሽ ከፊት በኩል አስገብተው ከላዩ ያለውን አግድም ክር በዓይኑ ውስጥ እየሳቡ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ያውጡት። ሱፍ ስለሚያያዝ ለመተርተር ጊዜ ይሰጣል፣ ለስላሳ አክሪሊክ ግን አይታገሥም።

ዳሩ ይጠቀለላል።

ፊቱ ሁሉ ፊት፣ መልሱ ሁሉ ግልባጭ ሆኖ የተሠራ ሁሉ ይጠቀለላል። ካውያ አያቆመውም። ዳርና ዳሩን 4 ዓይን በሁሉም ረድፍ ፊት አድርገው ይሥሩ።

የሱፍ ኮፍያዬ ታጥቦ ለአሻንጉሊት የሚሆን ሆነ። ይመለሳል?

አይመለስም። ሱፍ በሙቀት፣ በሳሙናና በማሸት ሲያያዝ ጸጉሮቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ሙቅ ውሃ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚጎዳው ከማሸትና ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ በድንገት ከመዝለል ጋር ሲሆን ነው።

ለሚቀጥለው፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ የጸጉር ሻምፖ፣ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ መጫን። የልብስ ዱቄት ሳሙና ብዙ ጊዜ ፕሮቲን የሚፈታ ነገር ስላለበት ሱፍን ያሳሳዋል። በፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት እንጂ አይጭመቁት። ገመድ ላይ የተሰጣ ውሃው ክብደት ሆኖ ይለጥጠዋል፤ ጥላ ባለበት ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይዘርጉት።

ከብል እንዴት ላድነው?

ብል የሚወደው ላብና ቅባት ያለበትን ሱፍ ነው። ከጥር በኋላ ሳይታጠብ ሳጥን ውስጥ የገባ ኮፍያ በጥቅምት ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ አፉ በሚታሰር ላስቲክ ይቀመጥ፤ በየወሩ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያራግፉት።

ለሕፃን ስሠራ የተለየ ነገር አለ?

አገጭ ሥር የሚታሰር ገመድና የሚነቀል ቁልፍ አያድርጉ። የሚተኛ ሕፃን ኮፍያ አያስፈልገውም። በጓንቱ ውስጥ የተንጠለጠለ የክር ጫፍ ጣት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል ከመስጠትዎ በፊት ገልብጠው ይፈትሹት፤ ጫፎቹ ሁሉ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ተሰፍተው ይግቡ።

የተራረፈ ክር ምን ላድርገው?

ውፍረቱ አንድ የሆነውን ብቻ አንድ ላይ ያድርጉ። 15 ግራም የኮፍያ አናት ላይ ለሚሆን ድቡልቡል ጌጥ ይበቃል፤ 30 ግራም ካለ ለጓንት ጠርዝ የተለየ ቀለም ይሆናል። ከሁሉም ግን 10 ግራም ያህሉን ከሠሩት ልብስ ጋር ያስቀምጡ፤ የጓንቱ አውራ ጣት በኩል መጀመሪያ ያልቃል፣ የሚጠግኑበት ያው ቀለም ኋላ ገበያ ላይ አይገኝም።